«ነቅለሽ ጣይልኝ!»

ባለፈው ሰሞን አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ሰዓት ተኩል ያህል ተጎልቼ ነበር። ከጎኔ ጉንጫቸው እንደ ዳቦ የተነፋ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ካርድ የምታወጣው ልጅ «አባባ፣ የትኛው ነው ያመመዎት?» ስትላቸው «ነቅለሽ ጣይልኝ!» አሉ። የትኛውን? እሱን አልተናገሩም። ሁላችንም ሳቅን። ስቄ ሳበቃ ግን የድሮው የመምህርነት አመሌ ተነሳብኝና ግሡን ማላመጥ ያዝኩ።

አማርኛችን ስለ ጥርስ ሲያወራ መንቀል ይቀናዋል። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ደርሶ የመጣን ሰው «አስነቀልክ?» ብለን ነው የምንቀበለው፤ «ታከምክ?» የሚል ብዙ አልሰማሁም። በሥራው የበሰለውን ሰው እንኳ «ጥርሱን የነቀለበት ሙያ ነው» እንለዋለን። ይሄኛው ጣሪያ ላይ የምንወረውረውን የወተት ጥርስ ስለሚያስታውሰኝ ልለፈው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው «ግግ ነው» ብሎ ገና ያላቆጠቆጠውን ጥርስ ከድዱ ፈልቅቆ የሚያወጣው ልማድ ግን አይታለፍም። ያልበቀለውን እንኳ የምንነቅል ሰዎች ነን።

ክፉኛ የተጎዳ ጥርስ ይትረፍ ወይስ ይነቀል የሚለውን የሚወስነው የሕመሙ ብርታት አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጮህ ያደረ ጥርስ ነርቩ ወጥቶ፣ የሥሩ ቦይ ተጠርጎና ተሞልቶ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ድምፁን ያላሰማው ደግሞ አልቆለት ይገኛል። ጥያቄው ሌላ ነው። ከድድ በላይ ጤነኛ የጥርስ አካል ተርፏል ወይ? ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ካልተረፈ ክራውን የሚሉት ክዳን አጥብቆ የሚይዘው ያጣል። ሥሩስ ተሰንጥቋል ወይ? ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ ብዙውን ጊዜ መንቀል ነው። የተተከለበት አጥንትስ አለ ወይ? ይህን ሁሉ ሳይጠይቁ «ይነቀል» ማለት፣ አንዳንድ ተማሪዎቼ ልብ ወለዱን ሳያነቡ ሂስ ጽፈው እንደሚመጡት መሆን ነው።

እኔም ከነዚያ ተማሪዎች አልሻልም። በ1985 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ አንዱን የታች መንጋጋዬን አስነቅዬ «ተገላገልኩ» ብዬ ወጣሁ። ማን ነግሮኝ! ክፍተቱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከኋላው የነበረው ጥርስ ወደዚያው ተጋደመ፤ ከላይ ያለው ትይዩው ደግሞ የሚገጥመው ሲያጣ ወደ ታች ወረደ። ዛሬ በዚያ በኩል እንጀራ እንጂ ሥጋ አላኝክም።

ድኻውን አልወቅስም። ማትረፍ የሚያስወጣው ወጪ የመንቀልን ብዙ እጥፍ ነው፤ መመላለሱም አለ። ከገጠር ሌሊት ተሳፍሮ የመጣ ገበሬ ሦስት ቀጠሮ ሲሰጡት የት ይደር? የምወቅሰው እኔን መሰሉን፣ ለስልክ ቀፎ የማይሰስተውን ገንዘብ ለመንጋጋው የሚሰስተውን ነው። ሐኪሞቹም ቢሆኑ የሚተርፈውን ጥርስ ነቅሎ ኢምፕላንት ለመትከል የሚቸኩል፣ የማይተርፈውንም «አተርፍልሃለሁ» ብሎ የሚያስከፍል አይጠፋባቸውም።

ወደ ክሊኒኩ የወሰደኝን ጉዳይ ደግሞ ልናዘዝ። ከሦስት ዓመት በፊት በሌላው በኩል ያለው መንጋጋዬ የሥር ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ሐኪሙ «ክዳን ካልደፋንበት ይሰበራል፤ በወሩ ይመለሱ» አለኝ። ሕመሙ ጠፋ፤ እኔም ጠፋሁ። ባለፈው ወር ቆሎ ስቆረጥም ቀጭ አለ።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሟ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። አፌን አየች፤ ራጁን አየች። «ይነቀል?» አልኳት። ያን ሁሉ ተፈላስፌ!

«ጋሼ፣ ስንጥቅ በራጅ ሁልጊዜ አይታይም» አለችኝ። «የድሮውን ሙሌት አውጥቼ ውስጡን ሳላይ ይተርፋልም አልልዎትም፣ ይነቀላልም አልልዎትም።»

ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ሐያሲ ብዙ አላጋጠመኝም።

ሐሙስ ጠዋት ትከፍተዋለች። ስንጥቁ ወደ ሥሩ ካልወረደ ክዳኑን አስደፋለሁ፤ ዳግመኛ እንዳልጠፋ ገንዘቡን ከአሁኑ ለባለቤቴ አስይዣለሁ። ከወረደ ይነቀላል። እስከዚያው ቆሎ ተከልክያለሁ።