ስንት ቀረ?

ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ የእህል ነጋዴ ሚዛኑን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘለትን ልጅ ሲያሞግስ ደረስኩ። «ቁጥሩ እኮ ወዲያው ነው የሚመጣው ጋሼ!» ቁጥር መምጣቱ ምን ይደንቃል? የተበላሸ ሚዛንም ቁጥር ያመጣል። ልጁን «እስቲ ድራይቨሩን ክፈተው» አልኩት።

ከፕሮግራም የመጣ ፖይንተር ከርነል ውስጥ በቀጥታ እንደማይነካ፣ ርዝመት ሳይፈተሽ እንደማይቀዳ አላስተምርም። ይህን ያላወቀ ድራይቨር አይጻፍ። እኔ መጀመሪያ የማየው ከከርነል ወደ ፕሮግራም የሚቀዳው «ኮፒ ቱ ዩዘር» በመለሰው ቁጥር ምን እንደተሠራበት ነው።

ይህ ፈንክሽን የሚመልሰው የተቀዳውን አይደለም፤ ሳይቀዳ የቀረውን ባይት ነው። «ሪድ» ግን ለፕሮግራሙ መንገር ያለበት የደረሰውን ነው። የልጁ ኮድ እንዲህ ይላል፦ ዜሮ ከመጣ ሙሉውን ርዝመት መልስ፣ ዜሮ ካልሆነ የመጣውን ቁጥር መልስ። በደህናው ቀን ይሠራል። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ተማሪ ሳለሁ ክረምት ክረምት ቡሬ አንድ የበቆሎ መጋዘን ውስጥ እጽፍ ነበር። መጋዘን ጠባቂው አዛውንት ወዛደሮቹን «ስንት ጫናችሁ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ «ስንት ቀረ?» ነው። አንድ ቀን ከመቶው ጆንያ «ሰባ» የሚል መልስ መጣና እኔ ሰባ ተጭኗል ብዬ ጻፍኩ። እርሳሱን ከእጄ ቀሙኝና ወደ መጋዘኑ አስገቡኝ። ሰባው ጆንያ እዚያው ተደርድሮ ቆሟል። የተጫነው ሠላሳ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልቀመስኩም።

የልጁንም ኮድ በዚያው ቁጥር ፈተንኩት። ሁለት የሚሞሪ ገጽ ጎን ለጎን አስይዤ ሁለተኛውን ለቀቅኩ፤ ከመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ 30 ባይት ሲቀር ጀምሮ 100 ባይት ጠየቅኩ። የደረሰው 30 ነው፤ ፕሮግራሙ ግን 70 ተነበበ ብሎ አመነ። አርባው ባይት ከየት መጣ? ደንቤ አንድ ነው፦ ወይ 30 በል፣ ወይ ኢፎልት የሚባለውን ስህተት፣ ኔጌቲቭ 14ን፣ መልስ። ሌላ የሚመልስ ድራይቨር አልገዛም።

በወዲያኛው መንገድ፣ በ«ኮፒ ፍሮም ዩዘር»፣ ደግሞ ይብሳል። ያልተቀዳው ቦታ በዜሮ ስለሚሞላ፣ ያላዩት ቀሪ ዜሮ ሆኖ ሚዛኑ ድረስ ይሄዳል፤ ማንም ያልላከው ትእዛዝ!

በ2002 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ ሰዎች አንዱ፣ ረስቲ ረስል፣ ቀሪውን መመለስ ሰው ያሳስታል ብሎ ተከራክሮ ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ አልቀየረውም። እኔ ከሊነስ ጋር ነኝ። መንገድ ላይ የተቋረጠ ቅጂ እስከ የት እንደደረሰ የሚታወቀው በቀሪው ነው፤ አዛውንቱም ቢጠየቁ ይህንኑ ይሉ ነበር።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሁለቱን መስመር አስተካከለ። ነጋዴው ከኋላችን ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ታዲያ አሁን ቁጥሩ ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አለ።