የመርጡለ ማርያም ግንብ ምን ያስተምረናል?

«የጥንት ሕንጻ የሌሎች ታሪክ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» የሚል አነጋገር በመካከላችን ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳንርቅ፣ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር የሚገኘውን የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ እንመልከት።

በአገራችን የለመድነው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ ቅኔ ማሕሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ይከብባል። ይህኛው ግን ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ግንብ ነው። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የተሠሩትን፣ ሮማነስክ የሚባሉትን ካቴድራሎች በፎቶ ያያችሁ ወፍራሙን ግድግዳና ግማሽ ክብ ቅስቱን ታስታውሳላችሁ። የእኛው ከ300 ዓመት በላይ ቢዘገይም ቅስትና ወፍራም ግድግዳ አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅርጹ ነው፤ ጠራቢው በድንጋዩ ላይ አበባ አውጥቷል። ይህን ያህል የተዋጣለት የድንጋይ ሥራ በጎጃም ብዙ አታገኙም።

ቤተ ክርስቲያኑን በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው የሐድያ ገዢ ልጅ የነበረችው ንግሥት እሌኒ ናት። በግራኝ አህመድ ጦርነት ጉዳት ደረሰበት። በኋላ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እንደገና ገነቡት። ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም እንዲከተል አስገደዱ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 እ.ኤ.አ. ንጉሡ የቀድሞውን እምነት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲልም ሚሲዮናውያኑን አስወጡ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። እንደ እጅ ሥራ ግንቡ ሊመሰገን ይገባል። እንደ ወንጌል ሥራ ግን ትልቅ ጉድለት አለበት፤ በአዋጅ የመጣው እምነት በአዋጅ ሄደ፣ የቀረው ድንጋዩ ነው። ይህን የምለው በሌሎች ላይ ለመፍረድ አይደለም። እኛም ዛሬ የአዳራሻችንን ስፋት እንቆጥራለን፤ የባለ ሥልጣን ወዳጅነት ሲገኝ ደስ ይለናል። ጎረቤታችን በፍቅር ካልተማረከ ግን አዳራሹ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ የወጣት ኅብረታችሁ ወደዚያ ቢሄድ የቦታውን አባቶች በአክብሮት አስፈቅዱ፤ ግድግዳው ላይ ስም አትጻፉ። ስትመለሱም 1ኛ ጴጥሮስ 2፥5ን አብራችሁ አንብቡና ተወያዩ፦ ሐዋርያው ሕያዋን ድንጋዮች የሚለን እኛ እየተሠራን ያለነው በምን ላይ ነው?