ከእርጥብ ኦክ የታነጸ ቤት

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን ወጣ ብላ በምትገኘው የዴድሃም ከተማ፣ የጣሪያው አናት መሃሉ ላይ ረገብ ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት አለ። የፌርባንክስ ቤት ይሉታል። ከእንግሊዝ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ጆናታን ፌርባንክስ ለባለቤቱ ለግሬስና ለልጆቻቸው ያሠራው ነው። ባለሙያዎች ከእንጨቶቹ ናሙና ወስደው የዕድገት ቀለበታቸውን ሲመረምሩ፣ ዛፎቹ የተቆረጡት እ.ኤ.አ. ከ1637 እስከ 1641 ባለው ጊዜ ሆኖ ተገኘ፤ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በቆረቆሩበት ዘመን ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ እስከ ዛሬ ከቆሙት፣ በእንጨት ቋሚና አግዳሚ ከተዋቀሩ ቤቶች ይህን በዕድሜ የሚቀድም አይታወቅም።

እኔን ከዕድሜው ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የእንጨቶቹ መጋጠሚያ ነው። የዚያ ዘመን አናጺ ኦክ የተባለውን ዛፍ የሚጠርበው እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ መሣሪያ አላስገባ ይላል። የአግዳሚውን ጫፍ ወንዴ አድርጎ ይቀርጽና በቋሚው ላይ በፈለፈለው ሴቴ ውስጥ ይሰካዋል። ከዚያ ችንካር ማስገቢያውን በመሰርሰሪያ ይበሳል። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የወንዴው ቀዳዳ ከሴቴው ቀዳዳ ጋር ልክ ለልክ እንዲገጥም አያደርገውም፤ ሆን ብሎ ትንሽ ያዛንፈዋል። የእንጨት ችንካሩ በመዶሻ ሲገባ ሁለቱን ወደ አንድ መስመር ይስባቸዋል፤ መጋጠሚያው ድርቅ ብሎ ይጠብቃል። እንጨቱ ከጊዜ በኋላ ሲደርቅና ሲኮማተር ደግሞ ችንካሩን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሌላ አናጺ የሚሸሸውን የእንጨት መኮማተር ይህ አናጺ ሥራውን እንዲጨርስለት አድርጎታል።

የቤቱ አቀማመጥም የታሰበበት ነው። የመጀመሪያው ቤት ከታች ሁለት ክፍሎች ሲኖሩት፣ ግዙፉ ጭስ ማውጫ በመካከላቸው ቆሞ ከግራም ከቀኝም ያለውን ምድጃ ያገለግላል። የማሳቹሴትስን ክረምት የሚያውቅ ሰው እሳቱ ለምን ከቤቱ እምብርት እንደተተከለ አይጠፋውም።

ቤተሰቡ ሲበዛ ከኋላም ከጎንም ክፍል እየተቀጠለ ሄደ። እንዲያም ሆኖ ስምንት ትውልድ የኖረበት ይህ ቤት የቧንቧ ውኃም ሆነ የኤሌክትሪክ መብራት ሳይገባለት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሙዚየም ሆነ። ለእኛ ትልቁ ሀብት ይህ ይመስለኛል፤ ቱቦና ሽቦ ለማሳለፍ ብሎ ግድግዳውን የቀደደ ሰው ስለሌለ፣ የአናጺው እጅ ያረፈበትን እንጨት ዛሬም ጠጋ ብሎ ማየት ይቻላል።