የሁለት ደቂቃ ፍርሃት፤ ተማሪዎች ስለሚሠሩት የአስፈሪ ፊልም መክፈቻ የቀረበ ሂስ

ፊልም ወደ አገራችን ሲገባ ከሕዝቡ ያገኘው የመጀመሪያ ስም ከፍርሃት የመነጨ ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግድም አዲስ አበባ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበት ቤት «ሰይጣን ቤት» ተባለ። ስያሜው ዛሬ ፈገግ ያሰኘን ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ከብርሃንና ከጥላ የተሠራ ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ ያየ ተመልካች ምን ለማለት እንደ ፈለገ ግልጽ ነው። የሌለው ነገር እንዳለ ሆኖ ታየው። በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ጥያቄም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሌለውን እንዳለ አድርጎ በማሳየት የጓደኞቹን ልብ ለማስደንገጥ ሲነሣ ምን ይማራል? ምንስ ያስተምራል?

ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጥያቄ እንዳይመስል አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲ.ኤም.ሲ. እና በአያት የሚያድግ ወጣት ከመጽሐፍ ይልቅ ከፊልም ጋር ብዙ ሰዓት ያሳልፋል። ታላላቅ ወንድሞቹና እኅቶቹ የውጭውን ፊልም በቦሌ መንገድ በዓለም ሲኒማ ወይም በመድኃኔዓለም አጠገብ በኤድና ሞል የማቲ ሲኒማ አዳራሾች ተሰልፈው ያዩ ነበር፤ እርሱ ግን በኪሱ በያዘው ስልክ ያያል። በዚያው ስልክ መቅረጽም ይችላል። ትምህርት ቤቱ ግጥም እንዴት እንደሚነበብ ያስተምረዋል፣ ፊልም እንዴት እንደሚነበብ ግን የሚነግረው የለም። የክዋኔና የዕይታ ጥበባት ትምህርት በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ቦታ ማግኘቱ በር ከፍቷል፤ በበሩ ምን ይግባበት የሚለው ግን የመምህራንና የዕቅድ ባለሙያዎች ፈንታ ነው።

ትምህርት ቤቶቻችን ከስክሪን ጋር የተዋወቁበት መንገድ እንዲያውም ለዚህ ጉዳይ ትምህርት ይሰጣል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይተላለፍ የነበረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት ሌላው ጥቅምና ጉዳቱ እንዳለ ሆኖ፣ መምህሩን የመክፈቻና የመዝጊያ ደቂቃዎች ባለቤት፣ ተማሪውን ደግሞ ተመልካች ብቻ አድርጎ ነበር። የማይገባውን ነገር «እስቲ ይደገም» ቢል የሚሰማው አልነበረም። ተማሪው ራሱ ካሜራ ይዞ ሲነሣ ይህ ግንኙነት ይገለበጣል፤ ምን ይታይ፣ ምን ይሰወር፣ መቼ ይቆም የሚለውን የሚወስነው እርሱ ይሆናል።

ለንጽጽር የሚረዳን በእንግሊዝ አገር የተሞከረ አንድ ሥራ አለ። ከአገሪቱ የፈተና አዘጋጅ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ኦ.ሲ.አር. እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ ኋላ በሌላ በተካው የመገናኛ ብዙኃን ጥናት ትምህርት ውስጥ፣ ተማሪዎች ብቻቸውን ወይም ከአራት ባልበለጠ ቡድን ሆነው የአንድ አዲስ ልብ ወለድ ፊልም መክፈቻ ከነርእሱና ከነባለሙያዎቹ ስም ዝርዝር ከሁለት ደቂቃ ሳይበልጥ እንዲሠሩ ይጠየቁ ነበር። ከዚያ በፊት አነስተኛ መለማመጃ ነበራቸው፦ አንድ ሰው በር ከፍቶ ይገባል፣ ክፍሉን ያቋርጣል፣ ከሌላ ሰው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጥቂት ቃላት ይለዋወጣሉ። ሥራው ሲያልቅ ተማሪው በሰባት ጥያቄዎች እየተመራ ሥራውን ይገመግማል። ከመቶው ነጥብ 20ው ለጥናትና ለዝግጅት፣ 60ው ለፊልሙ፣ 20ው ለግምገማው ይሰጥ ነበር። ተማሪዎች አብዝተው ከመረጧቸው የፊልም ዓይነቶች አንዱ አስፈሪው ፊልም ነው። ምርጫው አያስገርምም፤ ጨለማ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፣ ንግግር አያስፈልግም፣ አንድ ተዋናይና አንድ ኮሪደር ይበቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የበሩን መለማመጃ እንዳለ ይቀበለዋል። ለመምህር ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ እጅ የበሩን እጀታ ሲይዝ ከውጭ፣ በሩ ሲከፈት ከውስጥ ተቀርጾ ሁለቱ ሲጋጠሙ እንደ አንድ እንቅስቃሴ መታየት አለባቸው። አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ በር፣ አንድ ስልክ ነው የሚፈልገው። በነጥቡ ክፍፍል ግን አልስማማም። ስድሳው ለፊልሙ ሲሰጥ የተሻለ ስልክና ኮምፒዩተር ያለው ልጅ አስቀድሞ ያሸንፋል፤ በቦሌ የግል ትምህርት ቤት የሚማርና በቦሌ አራብሳ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር በዚህ ሚዛን እኩል አይመዘኑም። ግምገማው ቢያንስ የነጥቡን ግማሽ ሊይዝ ይገባል። ለምን እንደሆነ ወደ ፊልሞቹ ስንገባ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» መክፈቻ በተማሪዎች ዘንድ አብዝቶ የሚኮረጅ ነው። ካሜራው የአንድ ያልታወቀ ሰው ዓይን ሆኖ ቤቱን ይዞራል፣ በመስኮት ያያል፣ ከማዕድ ቤት መሳቢያ ቢላዋ ይወስዳል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ጭንብል ያጠልቃል፤ ከዚያ በኋላ የምናየው በጭንብሉ ሁለት ቀዳዳዎች ነው። አንዲት ወጣት ትገደላለች። ካሜራው ወርዶ ከቤት ሲወጣ ወላጆች ይደርሳሉ፣ ጭንብሉ ይገፈፋል፤ ገዳዩ የስድስት ዓመት ልጅ፣ የሟቿ ታናሽ ወንድም ነው። ተማሪ ከዚህ ውስጥ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ቢላዋውንና ጭንብሉን ነው። ፍርሃቱ ያለው ግን እዚያ አይደለም። ለደቂቃዎች ያህል የተመለከትነው በገዳዩ ዓይን ነበር፤ እየተከተልን፣ እያደባን፣ ምናልባትም እየጓጓን። ጭንብሉ ሲገፈፍ የተጋለጠው ልጁ ብቻ ሳይሆን ተመልካቹም ነው። ካሜራውን የማን ዓይን ውስጥ እናስቀምጥ የሚለው ውሳኔ ከመሣሪያ ጥራት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የሥነ ምግባር ውሳኔ ነው።

ሌሎቹን ሁለት በአጭሩ እንለፋቸው። በስቲቨን ስፒልበርግ «ጆዝ» (እ.ኤ.አ. 1975) መክፈቻ አንዲት ወጣት በሌሊት ስትዋኝ በባሕር ዓሣ ትነጠቃለች፤ ዓሣው አይታይም። ለፊልሙ የተሠራው ሰው ሠራሽ ዓሣ በጨው ውኃ ውስጥ እየተበላሸ ቢያስቸግር አዘጋጁ ለብዙ ጊዜ ሳያሳየው መቆየትን መረጠ፤ እጦት ወደ ጥበብ ተለወጠ። በጆርጅ ሮሜሮ የ1968ቱ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ደግሞ እኅትና ወንድም ገና ሳይመሽ ወደ መካነ መቃብር ሄደው የአበባ ጉንጉን ሲያኖሩ ከሩቅ አንድ ሰው ይራመዳል። ምንም የተለየ ነገር የለውም። ወንድምየው እኅቱን ለማስፈራራት ይቀልድባታል፤ ቀልዱ እውነት ሆኖ ይመጣል። ፊልሙ በፒትስበርግ አካባቢ በጥቂት ሰዎችና በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ ነው።

እንግዲህ የእኛ ተማሪ ምን ይሥራ? በጫካ መካከል ያለች የእንጨት ጎጆ፣ የእንግሊዝኛ ስም ያላቸው ገጸ ባሕርያት፣ በሃሎዊን ጭንብል የተሸፈነ ገዳይ ቢያቀርብ ጓደኞቹ ይስቃሉ እንጂ አይፈሩም። የውጭ በመሆኑ አይደለም፤ የማንም ስላልሆነ ነው። መምህሩ «ወደ ባህላችን እንመለስ» ማለቱ አይቀርም። ባህላችን በፍርሃት ድኻ አይደለምና። ከአያ ጅቦና ከጭራቅ ተረት ጋር ያላደገ ማን አለ? ጅቡም የተረት ብቻ አይደለም፤ በየካ ተራራ ሥር በኮተቤ የሚኖር ሰው ሌሊት ድምፁን ያውቀዋል።

እውነተኛው አደጋ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ወደ ባህል ሲመለስ ተማሪው ቶሎ የሚያገኘው «ቡዳ» የሚባለውን ነው፦ በቀን ሸክላ የምትሠራ ወይም ብረት የሚቀጠቅጥ፣ በሌሊት ጅብ የሚሆን፣ ዓይኑ የሚበላ ሰው። ለአስፈሪ ፊልም የተሰናዳ ይመስላል፤ ምሽት አለ፣ ለውጠተ አካል አለ፣ ዓይን አለ። ነገር ግን ይህ ጭራቅ እንደ ካርፔንተር ገዳይ በደራሲ የተፈጠረ አይደለም። በስሙ የተገለሉ፣ በጋብቻ የተከለከሉ፣ በመቃብር ሳይቀር የተለዩ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። በዚሁ በመዲናችን በቀጨኔ የሚኖሩ የሸክላ ሠሪዎችና የሸማኔዎች ቤተሰቦች ይህን ስም ለትውልዶች ተሸክመውታል። ፊልሙ በክፍል ውስጥ ሲታይ ከሃምሳ ተማሪዎች አንዷ የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ ብትሆን፣ የሁለት ደቂቃው ሳቅና ጩኸት በእርሷ ላይ ምን እንደሚሠራ መገመት አያዳግትም። እርሷም እጇን አውጥታ አትናገርም።

መከልከል መፍትሔ ነውን? አይመስለኝም። ተማሪው የተከለከለውን ከትምህርት ቤት ውጭ ይሠራዋል፣ ያኔ የሚጠይቀው የለም። ይልቅ ከ«ሃሎዊን» የተማርነውን ጥያቄ እናቅርብለት፦ ካሜራው በማን ዓይን ውስጥ ነው? አንዲት ሴት ማሰሮና ጀበና ተሸክማ በጠዋት ወደ አንድ ግቢ ትገባለች እንበል። የምናየው በእርሷ ዓይን ነው። እናት ልጇን ወደ ቀሚሷ ስባ ትሸፍናለች። አንዱ የሚበላበትን ሳህን በነጠላ ይከድናል። አሮጊቷ ወደ ጎን እትፍ እትፍ ትላለች። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ሁሉም ዞር ብለው ወደ እኛ ያያሉ። ማንም ቃል አልተናገረም። በር ይዘጋል፣ ሌላ በር ይዘጋል፤ ከበሩ ጀርባ የሰዎች ድምፅ እየተሰበሰበ ይሄዳል። እዚህ ላይ የፊልሙ ርእስ ይጻፍ። ጅብም ደምም አያስፈልግም፤ ወጪው የአንድ ማሰሮ ዋጋ ነው። ያ ተመልካች ግን ሳህኑን የከደነችው የራሱ እናት መሆኗን ያስታውሳል።

በአእምሮ ሕመምተኛውና በጎዳና አዳሪው ላይም ይኸው ፍርድ ይሠራል፤ የተቀደደ ልብስና የተንጨባረረ ጠጉር ለአስፈሪነት በቂ ሆኖ የሚታየው አዘጋጁ ሰውየውን ከሩቅ ብቻ ስላየው ነው። በዚህ ላይ ብዙ መጨመር አያሻም።

የአዲስ አበባ ምሥራቅ ለዚህ ጥበብ ሌላም ነገር ይሰጣል። በውጭው አስፈሪ ፊልም የተዘወተረ አንድ ጨዋታ አለ፤ አዲስ ቤተሰብ አዲስ ቤት ይገባል፣ ቤቱ ግን ከእርሱ በፊት በነበሩ ሰዎች መሬት ላይ የተሠራ ነው። በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቡልቡላ የቆሙት ኮንዶሚኒየሞችና መንደሮች ብዙዎቹ የገበሬ ማሳ በነበረ መሬት ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ዕጣ የደረሰው በደስታ ሲገባ የተነሣው ገበሬ ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ መብራት በጠፋበት ምሽት የሚሰማ የበሬ ድምፅ ከማንኛውም መንፈስ የበለጠ ያስፈራል፤ ያስጠይቃልም። በአንድ ክፍል ውስጥ የዕጣ ባለዕድለኛውና የገበሬው ልጅ አብረው ተቀምጠው ሊሆን ስለሚችል፣ መምህሩ ይህን ርእስ ከመፍቀዱ በፊት ክፍሉን ማወቅ አለበት።

ከሁሉ የከበደው በራሱ የደረሰ ፍርሃት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሌሊት የተንኳኳ በር ምን ማለት እንደ ነበር የሚያስታውሱ አያቶች አሁንም በየቤቱ አሉ፤ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን (እ.ኤ.አ. 2008) የሠራው ከዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ቤቱን ጥሎ የመጣ ልጅ ደግሞ በዚያው ክፍል ይኖር ይሆናል። ለእርሱ የተኩስ ድምፅ የፊልም ማድመቂያ አይደለም። ተማሪዎች ፊልማቸውን ከማሳየታቸው በፊት ለመምህሩ ብቻ እንዲያሳዩ የሚደረገው ለቁጥጥር ሳይሆን ለዚህ ነው፤ ሊወጣ የፈለገ ተማሪም ምክንያቱን ሳይጠየቅ መውጣት ይፈቀድለት።

ከላይ ግምገማው የነጥቡን ግማሽ ይያዝ ያልኩት እንግዲህ ከዚህ ነው። በእንግሊዙ ሰባት ጥያቄዎች ውስጥ ፊልሙ የኅብረተሰቡን ክፍሎች እንዴት እንደሚያሳይ የሚመለከተው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ስለ ፊልሙ ዓይነት ልማድ፣ ስለ አከፋፋይ፣ ስለ ተመልካች፣ ስለ ቴክኖሎጂ ይጠይቁ ነበር። አከፋፋዩን የሚመለከተው ለእኛ ተማሪ ብዙም አይጠቅመውም። በምትኩ፦ በፊልምህ ውስጥ የሚያስፈራው ማን ነው? ያ ሰው ፊልሙን ቢያይ ምን ይልሃል? ያልታየው ነገር ምንድን ነው፣ ለምን ሰወርኸው? መልሱ በአማርኛ ወይም ተማሪው በሚችለው ቋንቋ በሁለት ገጽ ይጻፍ። ፊልሙ የተበላሸበት ተማሪ ለምን እንደተበላሸ በትክክል ካስረዳ ከፍተኛ ነጥብ ማግኘት ይገባዋል።

መሣሪያን በሚመለከት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ኃይሌ ገሪማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው የቀረጸው። አስፈሪ ፊልም አይደለም፤ ተማሪ በጥቂት ነገር ምን ሊሠራ እንደሚችል ግን ያሳያል።

ድምፅ ግን የተለየ ትኩረት ይሻል። ተማሪዎች ሥዕሉን ሲያሳምሩ ውለው ድምፁን ይረሱታል፤ ፍርሃት ደግሞ ከዓይን ይልቅ በጆሮ ይገባል። በቦሌና በገርጂ የሚቀርጽ ቡድን ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሣ አውሮፕላን በየመሐሉ ጸጥታውን እንደሚሰብርበት አስቀድሞ ይወቅ። ስለዚህ ድምፁ ለብቻው፣ ከሥዕሉ በኋላ፣ በአንድ ጸጥ ያለ ክፍል ስልኩ በብርድ ልብስ ተከልሎ ቢቀረጽ ይመረጣል፤ የእግር ኮቴ፣ የቁልፍ መሽከርከር፣ የውኃ ጠብታ፣ የሰው ትንፋሽ። በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ በምሽት ለመቅረጽ ደግሞ የነዋሪዎች ኮሚቴ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢጠየቅ፣ አንድ ወላጅም አብሮ ቢገኝ፣ የጎረቤት ጩኸት ከተዋናዩ ጩኸት ጋር አይደባለቅም።