ሰባት ቤት ቆጠራ
ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባትና ደባርቅ ባለው አገር የዘር ሐረግ በዋነኛነት በቃል የሚጠበቅ መዝገብ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች የሁለቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አንድ አያት ከተጋሩ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ቆጠራው የርስት ማስረጃም ነበር፤ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን በእናቱ ወይም በአባቱ በኩል እስከ አቅኚው አባት ማድረስ ነበረበት። የእናት ሐረግ እንደ አባት መቆጠሩ በእውነት የሚደነቅ ነው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስቱን ሙግት አስቀረ፤ የጋብቻው ቆጠራ ግን ቀጠለ። በለቅሶ ላይ አልቃሿ የሟቹን አያት ቅድመ አያት በስም ስታወሳ፣ ጥግ የተቀመጠ ወጣት ሰምቶት የማያውቀውን ስም ይይዛል። በፍትሐት የሚጠራው ግን የክርስትና ስም ስለሆነ የዘር ሐረግ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ስሞች ማወቅ አለበት። ጽሑፍም አለ፤ በአንዳንድ አድባራት የብራና ወንጌል ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ ከነምስክሮቹ ስም ሰፍሮ ይገኛል።