ቆርችና ቀጋ

ለግቢ የአበባ ዛፍ ይሻላል ወይስ ቁጥቋጦ? ሰበታ ወይም ቡራዩ ሰፋ ያለ ግቢ ላለው ሰው የእኔ ምርጫ ቆርች ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይጸድቃል፤ በበጋ፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ እሳት የመሰለ አበባውን ያወጣል። ሥሩም ናይትሮጅን እየያዘ አፈሩን ያለማል።

ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ጃካራንዳም ውብ ነው። ለጋውን ችግኝ ግን ውርጭ ይጎዳዋልና ከእንጦጦ ጀርባ ላለችው ብርዳማ ሱሉልታ አልመክረውም።

ለሱሉልታ ቀጋ ይተከል! ነጭ አበባው ያውዳል፣ ንብ ይጠራል፤ ፍሬው ይበላል፤ እሾሁ አጥር ይሆናል። ጠባብ ግቢም ይበቃዋል። ችግኝ ሻጮች ከውጭው ጽጌረዳ ጎን ቀጋንም ቢደረድሩልን ምንኛ ደስ ባለኝ!