በዓይንዶር የነበረችው ሴትና «ሬይመንድ» የተባለው መጽሐፍ፤ ሙታን ተናገሩ ስለሚሉ ምስክሮች የተጻፈ ሐተታ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ28ኛው ምዕራፍ የሚነበበው የሳኦል ታሪክ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው፤ ነቢዩ ሳሙኤል ዐርፎ በአገሩ በራማ ተቀብሮ ነበር። ፍልስጥኤማውያን በሱነም ሰፈሩ፤ ሳኦልም በጊልቦዓ ሆኖ ሠራዊታቸውን ባየ ጊዜ ልቡ እጅግ ተሸበረ። እግዚአብሔርን ቢጠይቅ በሕልም ቢሆን፥ በኡሪም ቢሆን፥ በነቢያትም ቢሆን መልስ አላገኘም። በዚህ ጊዜ እርሱ ራሱ ከአገር ያጠፋቸውን መናፍስት ጠሪዎች አስፈለገ፤ ልብሱንም ለውጦ፥ ሁለት ሰዎች አስከትሎ፥ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሄዶ ከአንዲት ሴት ቤት ደረሰ፤ ሳሙኤልን እንድታስነሣለትም ለመናት።

የወጣው ማን ነው ቢሉ፥ ሊቃውንት በሦስት ወገን ሆነው ተርጕመውታል። አርጌኒስ የወጣው ሳሙኤል ራሱ ነው አለ፤ መጽሐፉ በትረካው ሳሙኤል ብሎ ይጠራዋልና። አንድም፥ የአንጾኪያው ኤዎስጣቴዎስ በአርጌኒስ ላይ መጽሐፍ ጽፎ፥ የነቢይ ነፍስ ለመናፍስት ጠሪ ቃል አትታዘዝም፥ ይህ የሰይጣን ማታለል ነው አለ፤ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም በመልእክቱ ከዚሁ ወገን ቆመ። አንድም፥ አውግስጢኖስ በመጀመሪያ ሁለቱንም መንገድ ሳይዘጋ ተወው፤ በኋላ ግን ወደ ሲራክ ምስክርነት አዘነበለ፤ ሲራክ በ46ኛው ምዕራፍ ሳሙኤል ከሞተ በኋላ እንኳ ትንቢት ተናግሮ ለንጉሡ ፍጻሜውን እንዳስታወቀው ጽፏልና።

ይህ ክርክር የከበረ ክርክር ነው። ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ያየ ማን ነው? ያወቀስ ማን ነው? የሚለው ነው። ንባቡን አስተውሎ ለሚመረምር ሰው ያየችው ሴቲቱ ናት። ሳኦል ምን እንደምታይ ጠየቃት እንጂ እርሱ አላየም። እርስዋም ሽማግሌ ሰው ሲወጣ፥ መጐናጸፊያም ተጐናጽፎ እንዳየች ነገረችው። ሳኦል ይህን በሰማ ጊዜ ሳሙኤል እንደ ሆነ ዐወቀ፤ በምድርም ላይ ተደፍቶ ሰገደ። መጐናጸፊያው ስለ ምን በቃው ቢሉ፥ በ15ኛው ምዕራፍ የሳሙኤል መጐናጸፊያ ጫፍ ተይዞ በተቀደደ ጊዜ፥ መንግሥቱ እንደዚሁ ከእርሱ እንደ ተቀደደች ተነግሮት ነበርና ነው። መጐናጸፊያ የሚለብሱ ሽማግሎች በእስራኤል ብዙ ነበሩ፤ ለሳኦል ግን መጐናጸፊያ የአንድ ሰው ብቻ ነበረ። ሴቲቱ ጥቂት ተናገረች፤ የቀረውን ሳኦል ከገዛ ልቡ ሞላው። የወጣው ሳሙኤል ቢሆንም ባይሆንም ሳኦል ያወቀው በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ መስፈሪያ በኋለኛው ዘመን የተጻፉትን ምስክርነቶች መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። በ1848 በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ግዛት፥ ሀይድስቪል በምትባል መንደር፥ ፎክስ በሚባሉ እኅትማማቾች ቤት የሚሰማው የመንኳኳት ድምፅ የሙት መልስ ነው ተብሎ ተወራ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ሙታንን የሚያነጋግሩ ብዙ ማኅበሮች ተነሡበት። ከ40 ዓመት በኋላ በ1888 ከእኅትማማቾቹ አንዲቱ ማርጋሬት በኒው ዮርክ ከተማ በሕዝብ ፊት ቆማ፥ ድምፁን ስታሰማ የኖረችው በእግርዋ ጣት መገጣጠሚያ እንደ ነበረ አሳየች፤ በሚከተለው ዓመት ደግሞ ይህን ቃልዋን መልሳ ካደች። ከአንድ አፍ ሁለት ምስክርነት ወጣ፤ የወደደም የወደደውን ያዘ።

እንዲህ ያለውን ነገር መንቀፍ ቀላል ነው። ሊመረመር የሚገባው ግን የቅን ሰው ምስክርነት ነው። እንግሊዛዊው ሰር ኦሊቨር ሎጅ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። የተወለደው በ1851፥ የሞተው በ1940 ነው፤ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ርእሰ መምህር ሆኖ አገልግሏል፤ በ1894ም ያለ ሽቦ ምልክት ማስተላለፍ እንደሚቻል በተሰብሳቢ ፊት አሳይቷል። ልጁ ሬይመንድ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1915 በቤልጅግ፥ በኢፕር አጠገብ በጦርነት ሞተ። አባትየውም በሚቀጥለው ዓመት «ሬይመንድ፤ ወይም ሕይወትና ሞት» ብሎ መጽሐፍ አወጣ። በዚያ ጦርነት ከብሪታንያ ብቻ ከ700,000 የሚበልጡ ወታደሮች ሞተዋልና፥ መጽሐፉ ኀዘን ወደ ገባበት ቤት ሁሉ መንገድ አገኘ፤ ደጋግሞም ታተመ።

መጽሐፉ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ልጁ ከጦር ሜዳ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ይገኛሉ። በሁለተኛው ቤተ ሰቡ ከሙታን አነጋጋሪዎች ዘንድ ተቀምጠው የሰሙት ተጽፏል። በሦስተኛው አባትየው ስለ ሕይወትና ስለ ሞት ያሰበውን ያስረዳል። ከአነጋጋሪዎቹ ዋናዪቱ ግላዲስ ኦስቦርን ሊዮናርድ ነበረች። አብዛኛውን ጊዜ ሬይመንድ ራሱ ተናገረ አይባልም፤ ፌዳ የምትባል የሕፃን አነጋገር ያላት መንፈስ በሴቲቱ አድራ፥ እርሱ እንዲህ ይላል እያለች ታወራለች። እንግዲህ ቃሉ ከሬይመንድ ወደ ፌዳ፥ ከፌዳ ወደ ሊዮናርድ አፍ፥ ከአፍዋ ወደ ጸሓፊው፥ ከጸሓፊው ወደ አንባቢው ይደርሳል ማለት ነው። አባትየው ሳያስበው መመዘኛውን በመጽሐፉ ውስጥ አኑሮታል፤ በመጀመሪያው ክፍል የሚሰማው የልጁ የራሱ ድምፅ ነው፤ በሁለተኛው የሚሰማው የፌዳ ነው። ሁለቱን አቀራርቦ የሚያነብ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ሌላ መምህር አያሻውም።

የመጽሐፉ ጽኑ ምስክር የፎቶግራፉ ነገር ነው። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1915 ፒተርስ የሚባል ሌላ አነጋጋሪ፥ ሬይመንድ ከሌሎች ጋራ የተነሣው፥ በትሩም የሚታይበት ፎቶግራፍ እንዳለ ለእናቱ ነገራት። ቤተ ሰቡ ይህን አያውቁም ነበር። በኖቬምበር መጨረሻ የአንድ መኮንን እናት እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ አለኝ፥ ልላክላችሁን? ብላ ጻፈች። ፎቶግራፉ ሳይደርስ ዲሴምበር 3 ቀን አባትየው በሊዮናርድ በኩል ጠየቀ፤ ብዙ ሰዎች እንዳሉበት፥ ሬይመንድ እንደ ተቀመጠ፥ ከኋላውም ያለው ሰው በእርሱ ላይ ሊደገፍ እንደ ፈለገ ተነገረው። ይህንንም አስቀድሞ በጽሑፍ አኖረ። ዲሴምበር 7 ቀን ፎቶግራፉ ሲደርስ ሬይመንድ ከፊት ተቀምጦ፥ ከኋላው ያለውም መኮንን ተደግፎት ታየ።

በቅን ልብ ለመፍረድ፥ ይህ ምስክርነት ንቀት አይገባውም። ጸሓፊው ቀኑን ለይቶ፥ የተሳካውን ካልተሳካው ጋራ ጽፏል፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በዚህ ዐይነት መጻሕፍት ብዙ አይገኝም። ዳሩ ግን ነገሩን በየክፍሉ መለየት ይገባል። በጦርነት ዘመን መኮንኖች በማኅበር ፎቶግራፍ መነሣታቸው፥ ከፊሉ ተቀምጦ ከፊሉ መቆሙ፥ በትር መያዛቸውም የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ የሳኦልን መጐናጸፊያ ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ መደገፉ። ይህን በቀላሉ የሚያስወግደው የለም። ነገር ግን ልጄ ሕያው ሆኖ ይናገረኛል የሚለውን ታላቅ ነገር ሁሉ አንድ ትከሻ ይሸከመዋልን?

የመጽሐፉ ነቃፊዎች ግን ይህን ትተው ሌላውን ያዙ። በወዲያኛው ዓለም ሲጋራና ዊስኪ የሚመስል ነገር ለሚሹት ይሠራላቸዋል የሚል ቃል በመጽሐፉ ስለ ተገኘ፥ በዚያ ሲሥቁ ኖሩ። ይህ ትክክለኛ ነቀፋ አይደለም። ጸሓፊው የሚያሳፍረውን ሳይደብቅ ማተሙ ቅንነቱን ያሳያልና። ደካማውን ቃል መርጦ የሚሥቅ ነቃፊ ጽኑውን አልነካም፤ የሚያዝነውንም አንባቢ አቍስሎ ወደዚያው ይገፋዋል።

ጸሓፊው የሳተበት ሌላ ነው። ያለ ሽቦ ድምፅ ከሩቅ አገር የሚደርስ ከሆነ፥ ከሞት ማዶ ስለ ምን አይደርስም? የሚል አሳብ በልቡ ነበረ፤ ኤተር የሚባለውን፥ ዓለሙን ሁሉ ሞልቶታል የተባለውን ረቂቅ ነገር የሁለቱ ዓለማት ድልድይ አድርጎ አሰበው። ነገር ግን በሽቦ ወይም ያለ ሽቦ መልእክት የተቀበለ ሰው፥ ቢጠራጠር ለላኪው ደብዳቤ ጽፎ፥ ይህን ልከሃልን? ብሎ ይጠይቃል። በዓይንዶር እንዲህ ያለ መንገድ የለም። ላኪው የሚታወቀው በዚያው በሚጠረጠረው አፍ ብቻ ነው። ምስክሩም መርማሪውም አንድ አፍ ከሆነ ፍርድ አይቆምም።

እንግዲያስ ሴቲቱ ሐሰተኛ ናት ማለት ነውን? ቢሉ፥ የግድ አይደለም። የኢትዮጵያ ካህናት ይህን ከሎጅ ይልቅ ሊያውቁት የሚገባቸው ነው። ዛር የሙት ነፍስ አይባልም፤ ነገር ግን በሰው አድሮ በሰው አፍ ይናገራል ይባላል፤ ዛሩ ጋላቢ፥ የተያዘውም ፈረስ ተብሎ ይጠራል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር ተቀምጦ መልካም አያሁ በምትባል ባለ ዛር ቤት የሚደረገውን ተመለከተ፤ በ1958ም ስለዚህ ነገር መጽሐፍ አወጣ። የደረሰበትም አሳብ ዛር የያዘው ሰው የሚያደርገው ነገር በጨዋታና በእውነት ኑሮ መካከል የቆመ ነው የሚል ነው፤ ሰውዬው ሌላውን መስሎ ሲናገር ሌሎችን እያታለለ ነው ለማለት አይቻልም፥ እርሱ ራሱ የሚናገረውን ይኖረዋልና። ስለዚህ የተናጋሪው ቅንነት የተናገረው ማን እንደ ሆነ አያስረዳም። ሊዮናርድ ፍጹም ቅን ብትሆን እንኳ፥ በእርስዋ የተናገረው ሬይመንድ መሆኑ ከዚያ አይወጣም።

የተነገረው እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ቢሉ፥ ለዚህ የሐዋርያት ሥራ 16ኛው ምዕራፍ ይበቃል። በፊልጵስዩስ የምዋርት መንፈስ የነበረባት አገልጋይ ስለ ጳውሎስና ስለ ባልንጀሮቹ የተናገረችው ቃል ሐሰት አልነበረም፤ የልዑል እግዚአብሔር ባሮች መሆናቸውን ታስታውቅ ነበርና። ሆኖም ጳውሎስ የቃሉን እውነት አይቶ መንፈሱን አልተቀበለውም፤ አወጣው እንጂ። ጌቶችዋም የትርፋቸው ተስፋ ስለ ጠፋ ጳውሎስንና ሲላስን ወደ ሹማምንት ጐተቷቸው። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። የመጀመሪያው፥ እውነተኛ ቃል የተናጋሪውን ማንነት አያረጋግጥም። ሁለተኛው፥ ድምፁ በማን ገበያ እንደሚሸጥ መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ ለኀዘንተኛው ምን ይባል? ሳኦል ወደ ዓይንዶር የሄደው ሰማይ ዝም ስላለው ነው፤ ሎጅም ወደ ሊዮናርድ የሄደው የልጁ ወንበር ባዶ ስለ ሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ዝምታ ፍትሐትን፥ በ40 ቀን፥ በ80 ቀንና በሙት ዓመት የሚደረገውን ተዝካር ሠርታለች። በዚህ ሥርዐት ሕያው ስለ ሙት ለእግዚአብሔር ይናገራል እንጂ ሙት ለሕያው እንዲናገር አይገደድም። ይህስ መልስ አይሰጥም ቢሉ፥ እውነት ነው፤ መልስ አይሰጥም። ነገር ግን ሌላ ሰው በሟቹ ስም እንዲናገር አይፈቅድም፤ የሟቹንም ቃል ሟቹ በሕይወቱ ሳለ እንደ ተወው ይጠብቅለታል። ሎጅ ይህን ቢያስተውል በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ያሉት ደብዳቤዎች በበቁት ነበር፤ የልጁ ድምፅ በእውነት የቀረው በእነርሱ ነውና። እርሱ ግን በ1922 መጽሐፉን አሳጥሮ እንደ ገና አሳተመው፤ እስኪሞትም ድረስ በአሳቡ ጸና።

ሳኦል ከዓይንዶር ምን አተረፈ? የሰማው ቃል ሳሙኤል በሕይወቱ ሳለ የነገረውን ፍርድ የሚደግም ነበር፤ ሞቱ ነገ መሆኑ ብቻ ተጨመረበት። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በ10ኛው ምዕራፍም ከበደሎቹ አንዱ መናፍስት ጠሪን መጠየቁ እንደ ነበረ ተጽፏል። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አይፈጸምም። ሳኦል በምድር ላይ ወድቆ ሳለ፥ ቀኑንና ሌሊቱን ሁሉ እህል ሳይቀምስ እንደ ዋለና እንዳደረ ሴቲቱ አስተዋለች፤ ለምናም አስነሣችው፥ የሰባውን ጥጃዋን ዐረደች፥ ቂጣም ጋግራ በፊቱ አቀረበች። በዚያ ሌሊት ሳኦልን በእውነት የጠቀመው ከሴቲቱ ድግምት የወጣው አይደለም፤ ከማዕድዋ የቀረበው ነው። ስለዚህ ልጁን ቀብሮ በሌሊት ወደ ጠንቋይ ደጅ የሚሄደውን ሰው የሚገሥጽ ካህን፥ ከመገሠጹ አስቀድሞ ያ ሰው እህል ቀምሶ እንደ ሆነ፥ ከቀብሩም ወዲህ ቤቱን የረገጠ ሰው እንዳለ ይጠይቅ። ይህን ሳይጠይቅ የሚገሥጽ ካህን በምሕረት ሥራ የዓይንዶር ሴት ትቀድመዋለች።